የሁለት ሰዓት በረራ

ሲያትል፣ ረቡዕ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ጉንፋኑ ተሻለህ ወይ? ድምፅህ የጎረነነው በሆቴሉ አየር ማቀዝቀዣ ነው ብለኸኝ ነበርና እንዳልከው ይሁንልህ ብያለሁ። እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። በረንዳው ላይ ያሉትን ቲማቲሞችህን አጠጥቻለሁ፤ የቆሻሻ ገንዳውንም መንገድ ዳር አውጥቼዋለሁና ስትገባ ወደ ቦታው መልሰው።

ይህን ወረቀት የምታገኘው ዐርብ ማታ ሻንጣህን እየጎተትክ ስትገባ ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ የጨው ዕቃውን ጭኜበት ትቼልሃለሁ። በየክፍሉ እየዞርክ አትጥራኝ፣ የለሁም። በስልክ ጽፌ ልልክልህ እችል ነበር፤ ግን ገና ሳትጨርሰው ትደውላለህ፣ ከደወልክ ደግሞ ትዋሸኛለህ። ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም።

ተጠራጣሪ መሆኔን ከሠርጋችን በፊት ታውቅ ነበር፣ አውቀህ ነው የገባህበት። ለሰው ስታስተዋውቀኝ እንኳ ተጠንቀቁ መርማሪ ናት እያልክ ትስቃለህ። እኔም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ እመልስልሃለሁ። ቢሆንም አብረን በኖርንበት አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በሴት ጠርጥሬህ አላውቅም። የጠረጠርኩህ የመኪናውን ዘይት ሳትቀይር ቀየርኩ ባልክ ጊዜና በጾም እንቁላል በልተህ በካድከኝ ጊዜ ነው። ሁለቱንም አግኝቼብሃለሁ።

ለሥራ ኳላ ላምፑር እሄዳለሁ፣ ከዚያም ወደ ሆ ቺ ሚን እሻገራለሁ ስትለኝ ምንም አላልኩም። እንዳንተ ሬድመንድ ያለው የኮምፒውተር ኩባንያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ተራው ሲደርስ ይላካል። እማዬም በዚያው ሰሞን ራሷ ደውላ ለፍልሰታ ፃድቃኔ ማርያም ሱባኤ ልትገባ መሆኗን ነገረችኝ። እዚያ ስልክ አይያዝም፣ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ አትጠብቂኝ አለች። እሑድ እሑድ ሳትደውል የማትውል ሴት ናትና ትንሽ ከፋኝ፤ ግን አመንኳት። እናት ሱባኤ ገባሁ ስትል የሚጠረጥር ሰው የለም፣ እኔም እንኳ አልጠረጠርኩም። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ስትጠፉብኝ ቤቱ ሰፋብኝና ተጨማሪ ሺፍት ወሰድኩ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አመሻሹ ላይ፣ እናንተ ዘንድ ረቡዕ ጠዋት ሲሆን፣ አውሮፕላን ልትገባ መሆንህን ጻፍክልኝ። ከዚያ ስልክህ ተዘጋ። እኔ እራት በላሁ፣ ተኛሁ፣ ንጋት ላይ ለሥራ ተነሣሁ። ያን ጊዜ ነው የደወልከው፣ ዐሥር ሰዓት ሙሉ ጠፍተህ። የት ነበርክ ብዬ ስጠይቅህ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሰባት ሰዓት ያህል በረርን አልከኝ።

የኔ ጌታ፣ ለማን ነው ይህን የምትነግረው? እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ሁለት ደቂቃ ቀድሜ ከፌርማታ ብነሣ እጠየቃለሁ፣ አምስት ደቂቃ ብዘገይ ምክንያቱን አስረዳለሁ። ሰው መንገዱን በዐይኑ ያውቀዋል፣ እኔ በደቂቃ ነው የማውቀው። አንተ ደግሞ ይህን እያወቅክ ነው ሰባት ሰዓት ያልከኝ።

በዚያው ቀን ኖርዝጌት መጨረሻ ፌርማታ ላይ የአሥራ አንድ ደቂቃ እረፍት ነበረኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ስልኬን አወጣሁ። ከኳላ ላምፑር ሆ ቺ ሚን በአየር አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ነፋስ ካገዘ ከሁለትም ያንሳል። ከዚህ ሳን ፍራንሲስኮ እንደመሄድ ማለት ነው፤ ሻይ አቅርበውልህ ብርጭቆውን ሳይሰበስቡ ውረድ የሚሉህ መንገድ። በዚያ ላይ የሆ ቺ ሚን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ከኳላ ላምፑር ጠዋት በሦስት የተነሣ ሰው እዚያ በአራት ደርሶ ታክሲ ይጠብቃል። በሰባት ሰዓትማ ጃፓን ይደረሳል!

የገረመኝ ውሸትህ ሳይሆን ውሸት አለመቻልህ ነው። በረራው ዘገየ ብትለኝ ኖሮ ዝም እል ነበር፤ አውሮፕላን ዘገየ ሲባል የማያምን የለም። አንተ ግን መንገዱን አስረዘምከው። መንገድ ደግሞ በማንም ቃል አይረዝምም። ከዐሥሩ ሰዓት ላይ ሁለቱን ቀነስኩ፣ ስምንት ቀረ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ባሌ የት ነበር?

ካርታ ከፍቼ ስቆጥር ዋልኩ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ሦስተኛ ከተማ ካስገባሁ ሰዓቱ እንደሚሞላ ገባኝ። ከኳላ ላምፑር ጃካርታ ሁለት ሰዓት ነው፣ ፕኖም ፔን ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ ባንኮክ ሁለት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ከባንኮክ ደግሞ ሆ ቺ ሚን አንድ ሰዓት ተኩል። ለካ ያ አገር ሁሉ ጎረቤታሞች ነው፣ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ሦስት አገር ረግጦ ለእራት ይደርሳል። ለውሸታም ባል እንዲህ የተመቸ ምድር አይቼ አላውቅም።

ዐርብ ዕለት ልታባብለኝ ነው መሰለኝ የምሳህን ፎቶ ላክህልኝ። ሩዝና የተቀቀለ ጎመን፣ ጾሜን አልሻርኩም ለማለት። እኔ ጎመኑን አላየሁም፣ ከሳህኑ አጠገብ ያለውን የላስቲክ ውኃ ነው ያየሁት። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ የምነዳው መስመር በጃክሰን ጎዳና በቬትናሞቹ ሰፈር ያልፋል። በቀን ስድስት ጊዜ የዳቦ ቤታቸውን፣ የፋርማሲያቸውን፣ የጥርስ ሐኪማቸውን ጽሑፍ አያለሁ። የነሱ ጽሑፍ የፈረንጅ ፊደል ሆኖ አናቱ ላይ ነጥብና ቆብ የደፋ ነው። በውኃው ላስቲክ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው፤ ክብ ክብ ራስ አለው፣ ይጠማዘዛል። ሆ ቺ ሚን አይደለህም ማለት ነው አልኩ።

ጠዋት ጠዋት ጃክሰን ላይ የምትሣፈር አንዲት የታይላንድ ሴትዮ አለች፣ ምግብ ቤት ነው የምትሠራው። መጨረሻ ፌርማታ ስንደርስ ጠብቄ ፎቶውን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችና የኛ ፊደል ነው፣ ባንኮክ ያለ የአንድ ሆስፒታል ስም ነው አለችኝ። ከዚያ መዳፎቿን ገጥማ ማን ታሞብሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልታመመም ብዬ ስልኬን ከእጇ ወሰድኩ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም።

ባሏ ሆስፒታል እንዳለ የሰማች ሌላ ሴት ብትሆን ስለ ሕመም ታስብ ነበር። እኔ ምን አሰብኩ መሰለህ? ወለደችለት አልኩ! ባለፈው ኅዳርም ለሥራ ብለህ ወደዚያው ሄደህ ነበር። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ከኅዳር እስከ ነሐሴ ዘጠኝ ወር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተስለን፣ ሐኪም ቤት ተመላልሰን ያላገኘነውን ልጅ፣ አንዲት የባንኮክ ሴት በአንድ ጉዞ ሰጠችህ ብዬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት አውቶቡሱ ውስጥ ነው፣ ባዶውን፣ መብራቱን አጥፍቼ። ከቅናቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ያ ነው። አንተ አባት ሆነህ እኔ ብቻዬን መካን ሆኜ የቀረሁ መሰለኝ።

ቅዳሜ አብሮህ ለሚሠራው ለልዑልቃል ደወልኩ። ሆ ቺ ሚን ላይ የሚያርፍበትን ሆቴል ረስቼ ነው ብዬ አታለልኩት። እሱም ሳያስበው፣ ኦኬ፣ እሱ እኮ ከረቡዕ ጀምሮ ፈቃድ ወስዷል፣ ሆ ቺ ሚንን ካንስል አድርጓል አለኝ። ወዲያው ደነገጠና፣ ሶ፣ ማለቴ፣ ሚቲንጉ ስለተገፋ ነው እያለ መንተባተብ ጀመረ። የሱ ውሸት ካንተ አይሻልም። ኩባንያችሁ ለዚህም ሥልጠና ይስጣችሁ።

ከዚያ በኋላ አገር ምድሩ ተለወጠብኝ። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የውብዳር አቅፋ ሳመችኝና አልለቅ አለች። እኔና እሷ አብሮ አደጎች ነን፣ የዕድር ጸሐፊም ናት፤ ሳምንት ሳንገናኝ ቀርተን እንደማናውቅ ታውቃለህ፣ ታዲያ ይህ ሁሉ መተቃቀፍ ከምን የመጣ ነው? ቅዳሜ ማለዳ ቤት ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ፈለግሽ ብላት እንዲሁ ነው አለች። በማግሥቱ የዕድሩ ሊቀ መንበር ጋሼ መልከጸዴቅ ደወሉ። ከፋሲካ ወዲህ ደውለውልኝ አያውቁም። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፣ ስለ እንቅልፌ ጠየቁኝ፣ በመጨረሻም ለመሆኑ ልጄ ደም ግፊት አለብሽ ወይ አሉኝ። የለብኝም ጋሼ፣ እናንተ ካላመጣችሁብኝ አልኳቸው። አልሳቁም። ወንድሜ ኢሳይያስም በዚያው ቀን ከአዲስ አበባ ደውሎ ዐርብ ስልክ አልይዝምና አትደውይ፣ ብዙ ጉዳይ አለብኝ አለኝ። ትናንት ደግሞ አለቃዬ ቢሮ ጠርቶኝ፣ ዘመድሽ የሆነ ሰው ደውሎ ነበር፣ ከቅዳሜ ጀምሮ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ተሰጥቶሻል አለኝ። ፈቃድ እኮ አልጠየቅኩም! እሱም እንደ የውብዳር ዐይን ዐይኔን እያየ አዘነልኝ።

እንግዲህ እኔ ደርዝ አስያዝኩት። ሽማግሌ ተልኮብኛል አልኩ። ባሌ ከሌላ ወልዶ፣ ዐርብ ሊመጣ ነው፤ እፍረቱን ብቻውን ስለማይችለው ጋሼ መልከጸዴቅን ለምኖ፣ ቅዳሜ ማለዳ ሳልወጣ ይዘውኝ፣ ልጁን ተቀበዪ ወይም ፍቺ ሊሉኝ ነው። ሲያትል ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፣ የማላውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይቆረጥ አትበለኝ፣ ሁሉም ልክ ልኩን ገጥሞ ነበር። ማታውን ልብሶችህን በጥቁር ላስቲክ አጭቄ ጋራዥ ወረወርኳቸው። የምትለብሰው ስታጣ እዚያ ፈልግ፣ ሸሚዞቹ ተጨማደዋል፣ ይቅርታ። ቅዳሜ ለሽማግሌዎቹ የምለውንም መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄ ነበር። ጥሩ ንግግር ነበር፣ አንተ ትሸማቀቅበት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቼሪ ጎዳና ላይ ያለችው ፌርማታ ደረስኩ። የዕድሩ ዕቃ የሚቀመጥበት ምድር ቤት ፊት ለፊት ነው። የውብዳርና ሁለት ሴቶች ታጣፊ ወንበሮች እያወጡ ቫን ላይ ይጭናሉ። ትልቁ የሻይ ማፍያም ወጥቷል። የውብዳር ቀና ስትል አየችኝ፤ ሰላም እንደማለት ከቫኑ በር ኋላ ተደበቀች። አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት፣ እንደ ልጅ ተደበቀችኝ።

ወንበሮቹን መቁጠር ጀመርኩ። መቁጠር ልማዴ ነው። ሃያ ሲሆኑ ተውኩት። ለሽምግልና ወንበር አይጫንም እኮ። ሽማግሌ ሦስት ነው፣ ቢበዛ አምስት፤ የኛ ሶፋ ይበቃቸዋል። ለሽምግልና የሳምንት ፈቃድ አይጠየቅም። ለሽምግልና የሴትየዋ ደም ግፊት አይመረመርም።

እነዚያን ወንበሮች እኔም ጭኜ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ለአቶ ወልደ ሥላሴ በተሄደ ጊዜ ሰዓት ያዥዋ ማን ነበረች? እኔ ነኝ። ደም ግፊት እንዳለበት ለሚስቱ ደውዬ አስቀድሜ የጠየቅኩ እኔ ነኝ። መኪኖቹ ከመንገዱ ማዶ መብራት አጥፍተው እንዲሰበሰቡ፣ ሰውየው ለሥራ ሳይነሣ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በሩ እንዲንኳኳ ያደረግኩ እኔ ነኝ። አገር ቤት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ወንድሙ አፈር ከለበሰ በኋላ ነው የነገርነው። ለምን አልነገራችሁኝም፣ እደርስ ነበር እኮ እያለ ደረቱን ሲመታ፣ ላንተ ብለን ነው ብዬ ትከሻውን ይዤ ነበር። ውኃም ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን እውነቴን ነበር፣ ለሱ ብለን ያደረግነው መስሎኝ ነበር።

ከኋላ መኪና ጮኸብኝ። በሩን ዘግቼ ነዳሁ፤ እንዴት እንደነዳሁ አትጠይቀኝ። በእረፍቴ ስልኬን አወጣሁ። የአክስቴን ልጅ የምሥራቅን ፌስቡክ ፈለግኩ፣ የለም። የኢሳይያስን ፈለግኩ፣ የለም። ሁሉም ብሎክ አድርገውኛል። ሰው ዘመዱን እንዲህ የሚዘጋው መቼ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ያን ጊዜ ባንኮክ ሆስፒታል ተኝታ የነበረችው ሴት ማን እንደሆነች ገባኝ። ሱባኤ አልነበረም። ፃድቃኔም አልነበረም። ወንድሜ ለሕክምና ይዟት ወጥቶ ነበር፤ አንተም ሆ ቺ ሚንን ሰርዘህ ወደሷ በረርክ።

ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። እሱን የሚናገሩልኝ ሰዎች ተመርጠዋል፣ ወንበርም ተጭኖላቸዋል።

ተናድጄብሃለሁ፣ ይህን እወቅ። ምን እንደሆነም ይገባኛል፤ አስምላሃለች። ልጄ ሥራዋን ጥላ፣ በሐሳብ አልቃ ትመጣለች፣ ስድን ራሴ እነግራታለሁ ብላሃለች፤ የሷን አነጋገር የማላውቅ መሰለህ? አንተም ለአማትህ የማልክ እንደሆነ መሐላህን አትሽርም። ግን ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ? መቅለሉ ካልቀረ ቀደም ብሎ ቢቀልልኝ ምን ነበረበት? ባንኮክ ለመድረስ አንድ ቀን ይበቃኝ ነበር። የማታውቀውን ቋንቋ በሚናገሩ ነርሶች መካከል ያቺን ሴት እኔ ባጥባት፣ እኔ ፀጉሯን ባበጥርላት ምን ነበረበት? ይህን ሁሉ ብዬህ ደግሞ እጅህን ልስመው እፈልጋለሁ። ስምንቱን ሰዓት ከሌላ ሴት ጋር ሳይሆን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠህ ነው ያሳለፍከው። የወለደችኝን ሴት እኔ ሳልኖር አንተ ነበርክላት። ሁለቱም እውነት ነው፣ ንዴቴም ምስጋናዬም፣ የቱን አስቀድሜ እንደማወጣው ግን አላውቅም።

ለኢሳይያስ አልደወልኩም። ብጠይቀው ይክዳል፤ የሚክደው ስለሚወደኝ ነው፣ ስለዚህ ክህደቱን አልችለውም። ሺፍቴን ጨርሼ፣ አውቶቡሱን በሰዓቱ አስረክቤ፣ ትኬት ቆረጥኩ። ዛሬ ማታ እነሣለሁ። ዐርብ ጎህ ሲቀድ አዲስ አበባ እገባለሁ። ወንድሜ ዐርብ ስልክ አልይዝም ያለው ለምን እንደሆነ አሁን ስለማውቅ፣ ስልክ ሳይሆን ራሴን ነው የምወስድለት። አንተ ፓሲፊክን ተሻግረህ ወደኔ ስትመጣ እኔ አትላንቲክን ተሻግሬ ወደሷ እሄዳለሁ። ልታጽናናኝ እንደምትመጣ አውቃለሁ፤ መንገድ ላይ ግን አልጠብቅህም።

ምናልባት ደግሞ ተሳስቼ ይሆናል። መቼም የኔ ነገር፣ ባዶ ቤት ሌባ የማይ ሰው አይደለሁ? እንዲያ ከሆነ ፃድቃኔ ድረስ ሄጄ፣ ነጠላዋን ተከናንባ የምትጸልየውን ሴትዮ ከሩቅ አይቼ፣ ሳልረብሻት እመለሳለሁ። ከዚያ እስከ ዕለተ ሞቴ ሳቁብኝ። በየግብዣው አውሩብኝ። በሕይወቴ መሳሳትን እንደ ዛሬ ለምኜው አላውቅም።

ቅዳሜ ሰዎቹ ሲመጡ በሩን ክፈትላቸው፣ ደጅ አታቁማቸው። ጋሼ መልከጸዴቅን ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ እንቅልፋቸውን አጥተው ለከንቱ ስለመጡ። ለየውብዳር ደግሞ አልተቀየምኩሽም በልልኝ፣ መደበቅ ግን አትችይበትም በላት። ምግብ ሠርቼ ማቀዝቀዣው ውስጥ አድርጌያለሁ፣ ሁሉም ይብሉ። አንተም ብላ። ከስተህ እንደምትመጣ እገምታለሁ። እመቤታችን በሰላም ታግባህ፣ ድካምህን ትቁጠርልህ፣ ለአማትህ የሆንከውን ልጆች አግኝተህ ልጆችህ ይሁኑልህ።

እዚህ ላይ ስሜን ጽፌ ልዘጋው ነበር። ሻንጣዬ በር ላይ ነው፣ የሚያደርሰኝ መኪናም እየመጣ ነው። ግን ያለፈውን ረቡዕ ስልክ በግማሹ ነው የጻፍኩልህ፣ አንተም ታውቃለህ። ሌላውን ግማሽ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እየዞርኩት ነው እዚህ የደረስኩት።

መንገዱ ረጅም ነው ካልከኝ በኋላ፣ ዝም ብለሽ አውሪልኝ አልከኝ። ምን ላውራ ብልህ የፈለግሽውን፣ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ቤቱ፣ ድምፅሽን ብቻ አልከኝ። እንዲህ ያለ ነገር ብለኸኝ አታውቅም። ዝም ብዬ ሳዳምጥ አጠገብህ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ። ቀጭን ትንፋሽ ነው፣ የሴት፣ ስልኩን አፏ ላይ የያዘች ያህል ቅርብ። አጠገብህ ያለችው ማን ናት አልኩህ። አልመለስክም። ትሰማኛለች ወይ አልኩህ። አልመለስክም። ያን ጊዜ ነው የጮህኩት። አጠገቡ የተኛሽው፣ የምትሰሚኝ ከሆነ ስሚ፣ ከተኛሽበት አትነሺ አልኩ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት። ከዚያ ስልኩን ዘጋሁት።

አንተ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልወቀስከኝም። እኔ ዝምታህን የጥፋተኛ ዝምታ አደረግኩት። ለካ ድምፄን ልታሰማት ነበር ስልኩን ያስጠጋህላት። ለካ እሷ ናት የጠየቀችህ።

ስለዚህ አሁን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። የፊተኛውን ሁሉ እንደፈለግክ ንገረኝ፣ በሽታውን፣ ሐኪሞቹን፣ ያስማለችህን መሐላ። ያን ንጋት ግን በስልክ አትንገረኝ። ስንገናኝ አጠገቤ ተቀመጥና፣ ሳልጠይቅህ፣ ተኝታ ነበር በለኝ። መድኃኒት ሰጥተዋት እንቅልፍ ወስዷት ነበር፣ ምንም አልሰማችም በለኝ። ውሸት እንደማትችል አውቃለሁ። ቢሆንም በለኝ። ሰዓቱን አልቆጥርም፣ ነርሶቹን አልጠይቅም፣ ዐይንህንም አላይም።

አላጣራም።

አምላክ መንገድህን ያቅናልኝ፣

ባለቤትህ